የጣና ባርቦ በርቢ ወቅት የሚደርስበት ጉዳትና የጥበቃው ዘዴ
ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለዓሣ አስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ በስፋቱ አንደኛ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን አነስተኛ ነው። በአማካይ 8 ሜትር፣ በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታም 14 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ ከእርሻው ጎን ለጎን ከሐይቁ ዓሣ ምግብና ገቢ ያገኛል። ከዚህ ሐይቅ ለገበያ የሚወጡት ዋና ዋና ዓሦች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ቀረሶ፣ አምባዛና ባርቦ ይባላሉ። ባርቦ በአንዳንድ አካባቢ ነጭ ዓሣ ይባላል።

ከሦስቱ ይበልጥ ለጥፋት የተጋለጠው ባርቦ ነው። ምክንያቱም ባርቦ ለመራባት በክረምት ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ወንዞች ስለሚሄድና በጉዞው ላይ በጠባብ ቦታ ተሰብስቦ ስለሚገኝ ነው። በዚህ ጊዜ እርሱን ማጥመድ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ጊዜ የሚጠመደው እያንዳንዱ ዓሣ ለዘር የተቀመጠ ዓሣ ነው። ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል በሐምሌ ቢበላ በኅዳር የሚያጭደው እንደማይኖረው ሁሉ፣ በነሐሴ የወንዝ አፍ ላይ የተያዘ ባርቦም የመጪዎቹን ዓመታት ምርት ይዞ ይጠፋል።

በዚህ ጽሑፍ የባርቦን የርቢ ኑሮ፣ የሚጎዱትን ነገሮች፣ እንዲሁም ማኅበራትና የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሊወስዷቸው የሚገቡትን እርምጃዎች በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

1. የጣና ባርቦ ከሌሎች ዓሦች በምን ይለያል?

በዓባይ ወንዝ ላይ ከሐይቁ መውጫ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከታች የሚመጣ ዓሣ ይህን ገደል ሊወጣ አይችልም። በመሆኑም የጣና ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ተለይተው ለብዙ ሺህ ዓመታት ኖረዋል። በዚህ ረጅም ዘመን ባርቦ በአንድ ሐይቅ ውስጥ በቅርጽም በአመጋገብም ወደተለያዩ ዝርያዎች ተከፋፈለ። ተመራማሪዎች 15 ያህል ዝርያዎችን ለይተዋል። አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣናና ከገባር ወንዞቹ በቀር በሌላ ቦታ አይገኙም።

ከእነዚህ መካከል 8 ያህሉ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። ባርቦ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው፣ ጥርሱ በጉሮሮው ውስጥ የሆነ የዓሣ ወገን ስለሆነ ይህ በሳይንስ ዘንድ እጅግ ያልተለመደ ነገር ነው። የቀሩት ደግሞ ቀንድ አውጣ፣ የውሃ ውስጥ ነፍሳት፣ ዕፅዋትና በዓይን በቀላሉ የማይታዩ ጥቃቅን እንስሳት ይመገባሉ።

እንዲህ ያለ በአንድ ሐይቅ ውስጥ የተከፋፈለ የባርቦ ወገን ቀደም ሲል በፊሊፒንስ በላናኦ ሐይቅም ይገኝ ነበር። በዚያ ሐይቅና በመውጫ ወንዙ ብቻ ይኖሩ ከነበሩት 17 ዝርያዎች ውስጥ 15ቱ መጥፋታቸው፣ 2ቱም ሊጠፉ መቃረባቸው በ2013 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ተገልጿል። ምክንያቶቹ ከውጭ የገቡ ዓሣ በል ዓሦች፣ ከልክ ያለፈ ማስገርና አጥፊ የማጥመጃ ዘዴዎች ነበሩ። በዚህም የተነሳ ለጣና ባርቦ የሚደረገው ጥበቃ ከአካባቢው ገበያ የሰፋ ትርጉም አለው። ከዚህ ከጠፋ ከሌላ ቦታ አምጥቶ መተካት አይቻልም።

2. የባርቦ የርቢ ኑሮ

ጥበቃው የሚመሠረተው የዓሣውን ኑሮ በማወቅ ላይ ስለሆነ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ይህን ክፍል በሚገባ እንዲያጠኑት ያስፈልጋል።

ሀ/ በወንዝ አፍ መሰብሰብ። ክረምቱ ሲገባ፣ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ፣ ለመራባት የደረሱ ባርቦዎች ወንዞች ወደ ሐይቁ በሚገቡበት ቦታ ይሰበሰባሉ። ዋና ዋናዎቹ ወንዞች ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሲሆኑ እንደ ገልዳ፣ ድርማና አርኖ ጋርኖ ያሉ ሌሎች ወንዞችም ለርቢ ያገለግላሉ።

ለ/ ወንዝ መውጣት። ዓሦቹ ጎርፉን ተከትለው ወደ ላይ ይወጣሉ። የጉዞው ዋና ወቅት ነሐሴና መስከረም ነው። ሁሉም ዝርያዎች ግን በአንድ ቀን አይወጡም፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ተከትሎ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ይቆያል። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ብቻ የሚደረግ ጥበቃ አንዳንዱን ዝርያ ቢያድን ሌላውን አያድንም።

ሐ/ እንቁላል መጣል። ዓሦቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በዋናው ደፍራሽ ወንዝ ውስጥ ሳይሆን ወደ እርሱ በሚገቡ ትናንሽ ጅረቶች ነው። የሚመርጡት ቦታ ውሃው ጥልቀት የሌለው፣ የጠራና የሚፈስስ፣ መሬቱም ጠጠር የሆነ ነው። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ሆኖ በሚፈስሰው ውሃ ውስጥ ካለው አየር ይተነፍሳል። ጠጠሩ በደለል ከተሸፈነ እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል።

መ/ የጫጩቶች እድገት። የተፈለፈሉት ጫጩቶች በጅረቱና በወንዙ ኩሬዎች ውስጥ ካደጉ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። አዝጋሚ እድገት ስላላቸው ለመራባት የሚደርሱት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሁሉም የባርቦ ዝርያዎች ወደ ወንዝ አይወጡም። ቢያንስ 8 ዝርያዎች ግን በዚህ መንገድ እንደሚራቡ ታውቋል።

ከዚህ ጋር ቀረሶን ብናነጻጽር ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። ሴቷ ቀረሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች፤ በዓመት ውስጥም ከአንድ ጊዜ በላይ ትራባለች። ስለዚህ ቀረሶ ቢጠመድም ቶሎ የመተካት ኃይል አለው። ባርቦ ግን በዓመት የሚጠብቀው አንድ ክረምትን ነው። ያ ክረምት ከተበላሸ ዓመቱ ያለ ጫጩት ያልፋል።

3. ባርቦን የሚጎዱ ነገሮች

3.1 በርቢ ወቅት በወንዝ አፍ ማስገር

በጣና ላይ ለረጅም ዘመን ዓሣ ይጠመድ የነበረው በደንገል ታንኳና በአነስተኛ መረብ ነበር። በዚህ ሙያ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የታወቀ ነው። በታንኳ የሚያሰግር ሰው ከዳር ብዙም ስለማይርቅ በሐይቁ ዓሣ ላይ የሚያደርሰው ጫና ውስን ነበር። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ይህም ለአስጋሪው ገቢ፣ ለከተማው ምግብ አስገኝቷል። ነገር ግን ሞተር ያለው ጀልባ በማንኛውም የወንዝ አፍ በሰዓታት ውስጥ ሊደርስ ስለሚችል በርቢ ወቅት የተሰበሰበው ባርቦ ለመረብ ተጋለጠ።

በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲና በአገራችን ተመራማሪዎች የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ በጣና የባርቦ መጠን በክብደት 75 በመቶ፣ በቁጥር 80 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ትናንሾቹ ባርቦዎች ደግሞ ከ85 እስከ 90 በመቶ ቀንሰዋል። በተለይ ትኩረት የሚሻው ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው። የትናንሾቹ ቁጥር ከትልልቆቹ ይበልጥ መቀነሱ የጠፋው የተያዘው ዓሣ ብቻ ሳይሆን ሊተካው የነበረውም ጭምር እንደሆነ ያመለክታል።

3.2 በመርዝ ማጥመድ

በገባር ወንዞች ዳር የሚኖሩ አንዳንድ ሰዎች የብርብራን ፍሬ ወቅጠው በጅረት ውስጥ በመጨመር ዓሣ ይይዛሉ። በብርብራ ፍሬ ውስጥ ያለው መርዝ የዓሣው አካል በውሃው ውስጥ ያለውን አየር እንዳይጠቀም ያደርገዋል። መርዙ ትልቁን ከትንሹ አይለይም። ሰውዬው ለምግብ የሚሆኑ ጥቂት ዓሦችን ሲለቅም፣ ከታች ባለው ውሃ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ጫጩቶችና ለዓሣ ምግብ የሚሆኑ ነፍሳት ያልቃሉ። ይህ የሚፈጸመው በርቢው ቦታና በርቢው ጊዜ በመሆኑ ጉዳቱ ከሌላው ሁሉ የከፋ ነው።

3.3 ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ

ከአንድ ክር የተሠራው፣ በውሃ ውስጥ የማይታየውና ሞኖፊላመንት የሚባለው ርካሽ መረብ በሐይቁ ላይ ተስፋፍቷል። ብዙውን ጊዜ ዓይኑ ጠባብ ስለሆነ ያልደረሰውን ዓሣ ሁሉ ይይዛል። ቶሎ ተቀዳዶ በውሃው ውስጥ ሲጣልም ስለማይበሰብስ ለረጅም ጊዜ ዓሣ እየያዘ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። የመረብ ዓይን ማስፋት ለቀረሶ በቂ ጥበቃ ሊሆን ይችላል፤ ለባርቦ ግን ብቻውን አይበቃም። በወንዝ አፍ የሚሰበሰበው ባርቦ ያደገና እንቁላል የያዘ ስለሆነ ዓይኑ ሰፊ በሆነ መረብም ይያዛል። ለባርቦ ወሳኙ የመረቡ ዓይነት ሳይሆን መረቡ የሚጣልበት ቦታና ጊዜ ነው።

3.4 የወንዞች መዘጋትና መበላሸት

በጣና ተፋሰስ እንደ ቆጋና ርብ ባሉ ወንዞች ላይ ለመስኖ ግድቦች ተሠርተዋል። መስኖው ለገበሬው የሚሰጠው ጥቅም የማይካድ ነው። ሆኖም ዓሣ ማሳለፊያ የሌለው ግድብ ወይም ከወዲያ ወዲህ የተዘጋ የወንዝ ጠለፋ የባርቦን መንገድ ይቆርጣል። ከታች የቆመው ዓሣ እንቁላሉን በማይሆን ቦታ ይጥላል፤ ወይም በቀላሉ ይጠመዳል።

ከወንዝ አሸዋና ጠጠር ማውጣት የርቢውን ቦታ ከነእንቁላሉ ያጠፋል። ከታረሰ ተዳፋት መሬት የሚታጠበው አፈር ደግሞ ጠጠሩን በደለል ይሸፍናል። በበጋ በሞተር ፓምፕ የወንዝ ኩሬ እስከ መጨረሻው ሲጠጣ በውስጡ የቀሩት ጫጩቶች ይሞታሉ።

3.5 የሐይቁ ዳር መለወጥና እምቦጭ

በሐይቁ ዳር ያለው ደንገልና ሣር የአምባዛና የቀረሶ መራቢያ፣ የብዙ ጫጩቶችም መጠለያ ነው። ይህ ቦታ በባሕር ሸሽ እርሻና በግጦሽ እየጠበበ ሄዷል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ በሐይቁ በተለይም በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳር በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ተዛምቷል። እምቦጭ ውሃውን ሲሸፍን ብርሃንና አየር ይቀንሳል፤ ለጀልባና ለመረብም መንገድ ይከለክላል። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ አንድ ጊዜ ማጽዳት አይበቃም።

4. ምን መደረግ አለበት?

የኢትዮጵያ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የዓሣን ሀብት መጠበቅና ከልክ ያለፈ ማስገርን መከላከል ከዓላማዎቹ መካከል አድርጎ ወጥቷል። የአማራ ክልልም የራሱን ሕግ አውጥቷል። ጣናና አካባቢውም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ነገር ግን በየወንዙ አፍ ሌሊት የሚጣለውን መረብ ሕጉ በወረቀት ላይ ስላለ ብቻ አያስቆመውም። ሥራው የሚከናወነው በማኅበራትና በቀበሌዎች ነው።

4.1 የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራት ተግባር

1ኛ/ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጥቅምት አጋማሽ በወንዝ አፎችና በወንዞች ውስጥ መረብ እንዳይጣል በጠቅላላ ጉባኤ ይወሰን። የሚከለለው ቦታ ከወረዳው የዓሣ ባለሙያ ጋር ተለክቶ በችካል ምልክት ይደረግበት።

2ኛ/ ውሳኔው በአንድ ማኅበር ብቻ አይወሰን። አንዱ ማኅበር ሲያቆም ሌላው ወይም የማኅበር አባል ያልሆነው ሰው ቢያሰግር፣ የታዘዘው ሰው ተጎጂ ያልታዘዘው ተጠቃሚ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመትም የሚታዘዝ አይገኝም። ስለዚህ በአንድ ወንዝ አፍ የሚጠቀሙ ማኅበራትና ቀበሌዎች ሁሉ በአንድ ቀን ተሰብስበው አንድ ስምምነት ይፈርሙ።

3ኛ/ የመረብ ዓይን በየዓመቱ ይመርመር። ለመለካት አንዱን ዓይን በተቃራኒ ቋጠሮዎቹ ይዞ መወጠርና ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ማንበብ ነው። ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ መረብ ማኅበሩ እንዳይገዛ፣ ለአባሎቹም እንዳያቀርብ እንመክራለን።

4ኛ/ በተከለከሉት ወራት አባላት ከወንዝ አፍ ርቀው በሐይቁ ላይ ቀረሶ እንዲያሰግሩ ይደረግ። ክረምት ለአስጋሪው ቤተሰብ የችግር ወቅት መሆኑ ይታወቃል። በዓቢይ ጾም የዓሣ ተፈላጊነትና ዋጋ ከፍ ስለሚል፣ ከዚያ ወቅት ሽያጭ ለክረምት የሚሆን ቁጠባ በማኅበሩ በኩል ቢያዝ ክልከላው ቤተሰቡን ሳይጎዳ ሊፈጸም ይችላል። የተያዘውን ዓሣ በጥላ ሥር በንጽሕና መያዝ፣ ሆድቃውን ቶሎ ማውጣትና የተረፈውን ማድረቅ ሳይበላሽ ለገበያ የሚደርሰውን መጠን ይጨምራል።

4.2 በወንዝ ዳር የሚኖሩ ገበሬዎች ተግባር

ባርቦ የሁለት ሕዝብ ሀብት ነው። የሚራባው በላይኛው ቀበሌ፣ የሚጠመደው በሐይቁ ዳር ነው። የላይኛው ገበሬ ሐይቁን አይቶት ላያውቅ ይችላል፤ አስጋሪውም ጅረቱን አያውቀውም። ስለሆነም የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሁለቱን ወገኖች ማገናኘት አለበት።

ሀ/ ብርብራን ወደ ውሃ መጨመር እንዲቆም በቀበሌ ስብሰባ፣ በዕድርና በትምህርት ቤት ይነገር። ከታች ያለው ሰውና ከብት ያንኑ ውሃ እንደሚጠጣም ይገለጽ።

ለ/ ለመስኖ የተካበ የድንጋይ ጠለፋ በክረምት መካከሉ ይከፈት። በዚህ ወቅት የመስኖ ውሃ ስለማያስፈልግ መክፈቱ ገበሬውን አይጎዳም። አዲስ ጠለፋ ሲታቀድ ዓሣ የሚያልፍበት ቦታ ከመጀመሪያው እንዲታሰብ ይጠየቅ።

ሐ/ አሸዋና ጠጠር በክረምትና በመስከረም አይወጣ። የታወቁ የርቢ ቦታዎች በበጋም አይነኩ።

መ/ ፓምፕ የሚጠቀም ገበሬ የመሳቢያውን አፍ በጥቅጥቅ ወንፊት ይሸፍን፤ የኩሬውንም ውሃ አሟጦ አይውሰድ።

ሠ/ በጅረቶች ዳር ሣርና ዛፍ ይተከል፤ በተዳፋት መሬት ላይ እርከን ይሠራ። ይህ ሥራ አፈሩን ለገበሬው፣ ጠጠሩን ለዓሣው ይጠብቃል።

4.3 የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ተግባር

ሠራተኛው በክልሉ ያሉትን ጅረቶች በእግሩ ተመልክቶ ባርቦ የሚራባባቸውን ቦታዎች በንድፍ ላይ ያመልክት። ለዚህ ከሁሉ የተሻሉ አስተማሪዎች በወንዙ ዳር ያደጉ ሽማግሌዎችና እረኞች ናቸው።

ከውጭ አገር የመጡ እንደ ካርፕ ያሉ ዓሦች በሐይቁ፣ በገባር ወንዞቹና ጎርፍ በሚደርስባቸው ኩሬዎች እንዳይጨመሩ ይጠንቀቅ። የዓሣ ኩሬ የሚቆፍር ገበሬ የጣናን ቀረሶ እንዲያረባ ይምከር። የላናኦ ሐይቅ ጥፋት ከውጭ ከገቡ ዓሦች ጋር የተያያዘ መሆኑን ያስታውስ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ዓሣ ሐይቅ ውስጥ ከገባ በኋላ መልሶ ማውጣት አይቻልም።

እምቦጭ ባለበት ቦታ አረሙ አበባ ከማውጣቱ በፊት እንዲለቀም፣ የተለቀመውም ውሃ ከማይደርስበት ቦታ እንዲደርቅ ያድርግ። አረሙ ሲነሳ የሐይቁ ደንገል አብሮ እንዳይነቀል ይከታተል።

5. መዝገብ ስለመያዝ

ጥበቃው መሥራቱን ለማወቅ መዝገብ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ማኅበር በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ የተሠገረበትን ቦታ፣ የተጣለውን መረብ ብዛት፣ የተያዘውን ዓሣ በዓይነት፣ እንዲሁም እንቁላል የያዙትን ባርቦዎች ቁጥር ይጻፍ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ በአንድ ቀን 10 መረብ ተጥሎ 40 ባርቦ ቢያዝ ለአንድ መረብ 4 ዓሣ ይደርሳል። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወርና ቦታ 20 መረብ ተጥሎ 60 ቢያዝ ጠቅላላው ምርት ጨምሯል፤ ለአንድ መረብ የደረሰው ግን ወደ 3 ዝቅ ብሏል። ማኅበሩ ጠቅላላውን ብቻ ካየ ዓሣው የበዛ ይመስለዋል። እውነተኛው ሁኔታ የሚታወቀው ለአንድ መረብ በደረሰው ቁጥር ነው።

6. የዓመቱ የሥራ ፕሮግራም

ግንቦትና ሰኔ፦ የማኅበራትና የቀበሌዎች ስብሰባ ይደረግ፤ ስምምነት ይፈረም፤ መረብ ይመርመር፤ ችካል ይተከል፤ የድንጋይ ጠለፋ ይከፈት።

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት አጋማሽ፦ የወንዝ አፎች ይጠበቁ። ጥበቃው በተለይ በማታና በሌሊት ይጠንክር። ስለ ብርብራ በላይኛው ቀበሌ ትምህርት ይሰጥ።

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር፦ በወንዝ ኩሬ የቀሩ ጫጩቶች ይታዩ፤ የፓምፕ አጠቃቀም ይመከር፤ እምቦጭ ይለቀም፤ የእርከን ሥራ ይጀመር።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፦ ለጾም ገበያ ዝግጅት ይደረግ፤ ለክረምት ቁጠባ ይያዝ፤ የዓመቱ መዝገብ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርብ።

ማጠቃለያ

የጣና ባርቦ ችግር ብዙ ምክንያቶች አሉት። ግድብ፣ ደለልና እምቦጭ ብዙ ገንዘብና ረጅም ጊዜ ይጠይቃሉ። በወንዝ አፍ መረብ አለመጣልና በጅረት ውስጥ ብርብራ አለመጨመር ግን ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ስምምነትና ቁጥጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ከእነዚህ ከሁለቱ እንዲጀመር እንመክራለን።

ባርቦ አዝጋሚ እድገት ያለው ዓሣ ስለሆነ ውጤቱ በአንድ ዓመት አይታይም። ማኅበራት በመጀመሪያውና በሁለተኛው ክረምት ለውጥ ባያዩ ተስፋ ቆርጠው ስምምነታቸውን እንዳያፈርሱ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ከወዲሁ ሊያስረዷቸው ይገባል። ዛሬ ከመረብ የተረፈችው እንቁላል የያዘች ባርቦ ጥቅሟ የሚታወቀው ልጆቿ አድገው ወደዚያው ወንዝ በሚመለሱበት ክረምት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ባርቦ የሚወጣባቸው ጅረቶች የትኞቹ ናቸው? ከ20 ዓመት በፊት ይወጣባቸው የነበሩና አሁን የማይወጣባቸውስ አሉ?

2. በወንዙ አፍ የሚያሰግሩት እነማን ናቸው? ስምምነቱን ለማድረግ ማን ማን መጠራት አለበት?

3. በክልከላው ወራት የማኅበሩ አባላት ገቢ በምን ይሸፈናል? ለዚህስ ከየትኛው ወር ጀምሮ ቁጠባ መያዝ አለበት?

4. ስምምነቱን የጣሰ ሰው ቢገኝ ማኅበሩና ቀበሌው ምን እርምጃ ይወስዳሉ?